ሃያ ሰባት ቁጥርን የበደሉ ሁሉ

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ይህ ደብተር የተከፈተው በደል እንዳይረሳ ነው። የዙር ሰዓት የምመዘግብበት ሌላ ደብተር አለኝ፤ እዚያ ውስጥ ከቁጥር በቀር ምንም አይገባም። ንዴቴን ግን የት ላስቀምጠው? ባለቤቴ መስማት ከሰለቻት ቆይታለች።

ዛሬ የሞተር ብስክሌት ሻምፒዮናው ሦስተኛ ውድድር ነበር። ሃያ ሰባት ቁጥር፣ እኛ ሽማግሌው የምንለው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ከዘጠነኛ ቦታ ተነስቶ ገና ጺም በቅጡ ያላወጡትን ሁሉ አንድ በአንድ እያለፈ አንደኛ ገባ። አንደኛ! ከሶፋው ተነስቼ ዘለልኩ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ዳኞቹ ፊልሙን ደጋግመው አይተው፣ በመጨረሻው ኩርባ የኋላ ጎማው ከመንገዱ ዳር ያለውን አረንጓዴ ቀለም ነክቷል አሉ። በመጨረሻው ዙር አረንጓዴውን የነካ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ደንቡ ነው። ድሉ ለቄንጠኛው ተሰጠ። ለዚያ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ፀጉሩን ለሚያበጥር፣ ቢጫ ሞተር ለሚነዳ ጉረኛ!

የነካው የጥፍር ያህል ነው። "ዕውሮች!" ብዬ ጮህኩ። "ዓይን የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች? ዓይን የሌለው ሰው ለምን ዳኛ ይሆናል?" ጋሼ ትራሱን ብቻ አስተካከለ። እሱም እንደኔ ይናደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ስምንት ዓመቱ። አሥራ ዘጠኝ የውድድር ዘመን እኔ ቤት፣ እዚህ ሶፋ ላይ፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ ተቀምጠን አይተናል። ሥራችን የተከፋፈለ ነው። እኔ የቴሌቪዥኑን ቁጥር ስለማላምን በራሴ የሩጫ ሰዓት እየለካሁ እመዘግባለሁ። እሱ ይነዳል። ኩርባ ሲቃረብ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ረገጥ ያደርጋል፤ ፍሬን መያዙ ነው። እሱ ረግጦ ነጂው ካልያዘ ያ ነጂ ይወድቃል። ስንቴ አይቻለሁ። ምንጣፉ በዚያ በኩል ሳስቷል።

ዛሬ ግን ያልጠበቅሁትን አደረገ። በስምንተኛው ዙር ቄንጠኛው ሽማግሌውን ሲቀድመው "በርታ! እንደሱ ነው!" አለ። ለማን? ለቢጫው! ዞር ብዬ ሳፈጥበት "የኛ መሰለኝ" አለ። የኛ ሞተር ብርቱካናማ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የትራፊክ መብራት ሲያይ የኖረ ሰው ቀለም ተምታታብኝ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ለሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ላክሁ። አራት ገጽ። ይህ አሥራ አንደኛው ነው፤ እስከ ዛሬ ለሰባቱ መልስ ሰጥተዋል፣ ሰባቱም "አስተያየትዎን ተቀብለናል" ይላሉ።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሰው ስህተት ማየት መተዳደሪያዬ ነው፤ ሲያልፉት ዝም ማለት አልችልበትም። የኮምፒውተር ጸሐፊዋ ፖስታውን እጄ ላይ አይታ "ዛሬ ደግሞ ማንን ከሰስክ?" አለችኝ። ጋሼም ቢሆን ቤተሰቡ ውስጥ "ከሳሹ" የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ይሳቁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ሽማግሌው አምስተኛ። የተሰጠው ጎማ ለሙቀቱ የማይሆን ጠንካራ ጎማ ነው፤ ቡድኑ ሆን ብሎ ነው የሰጠው፤ ማንም አያሳምነኝም።

ጋሼ ሶፋውን ትቶ የእንጨት ወንበር ስቦ ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠበትን ቦታ! "ወገቤን አሞኝ ነው" አለ። የሚያበሳጨው ደግሞ አቀማመጡ ነው። አንገቱን ወደ መስኮቱ አጣሞ በጎን ያያል፤ ውድድሩ የማይረባ ነገር እንደሆነ ሁሉ። እኔንም ሲያናግረኝ ፊቴን አያይም። ጆሮዬን ነው የሚያየው። ለቢጫው ጮሆ አፍሮ ይሆናል፤ ይፈር።

ሻይ ልቅዳልህ ብሎ ከብርጭቆው ውጭ ቀዳ። የዙር ደብተሬ ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ዙር በሻይ ተበላሸ። "ይቅርታ፣ ሐሳቤ ሄዶ" አለ። የት ሄዶ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

በችኮላ። ምሳ ሰዓት ነው።

ጋሼን ፋርማሲው በር ላይ አየሁት። አሥር እርምጃ። እጄን አነሳሁ። አይቶ አለፈኝ። አይቶ! የእናቴ ልጅ!

እሑድ፣ ግንቦት 3

አልመጣም። "ሥራ በዛብኝ" አለ በስልክ። በእሑድ? የግራውን ትራስ እንደነበረ ተውኩት።

ሽማግሌው በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ቄንጠኛው በውስጥ በኩል ገብቶ ገፍቶት ነው። ዳኞቹ "የውድድር አጋጣሚ" አሉት። ጡሩምባው፣ ማለት የቴሌቪዥኑ አስተላላፊ፣ "ወደቀ! ወደቀ! ወደቀ!" ብሎ ሦስት ጊዜ ለፈለፈ። መውደቁንማ ሁላችንም አየን። ለምን እንደወደቀ፣ የት ላይ ፍሬን እንደያዘ፣ ማን እንደነካው መናገር ነው ሥራህ! እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጉድ ሰማሁ። ፀጉሬን ስስተካከል ፀጉር አስተካካዩ "ወንድምህ ከመሪ ወረደ አሉ" አለኝ። ወርዶ የት? አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ፣ የጎማ መጋዘን ውስጥ። ጎማ ቆጥሮ እየሰጠ! ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ተሳፋሪ ሳያቆስል የነዳ ሰው። ሁለት ዓመት ለጡረታ ሲቀረው። ፀጉሬ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሳሁ፤ ሰውየው ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ።

ነገሩ አሁን ገባኝ። የአንገቱ መጣመም፣ መንገድ ላይ ማለፉ፣ እሑድ መቅረቱ። ተዋርዶ ነው። የስምሪት ኃላፊው፣ ያ ቁልፍ በወገቡ የሚያንቃጭለው፣ ዕድሜ ልኩን ሲቀናበት ኖሮ አሁን ሥልጣን አገኘና ጣለው። ሽማግሌውን ቡድኑ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል?

ለባለቤቴ ነገርኳት። "ጠይቀኸዋል?" አለችኝ።

"ምን ይጠየቃል? ግልጽ ነው እኮ!"

"ጠይቀኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

ሰው ሲጎዳ እያዩ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል እንዴ?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ጻፍኩት። ለአውቶቡስ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሕይወቴን ሙሉ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል። አንዱን አንቀጽ ለታሪክ እገለብጠዋለሁ፦

"ወንድሜ በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ጭረት እንኳ ያላደረሰ፣ ዓይኑ እንደ ጎረምሳ የነቃ፣ በጨለማና በዝናብ ከማንም የተሻለ የሚያይ ባለሙያ ሆኖ ሳለ፣ የስምሪት ኃላፊው በግል ቅናት ተነሳስተው፣ ያለ አንዳች ጽሑፍና ያለ አንዳች ምክንያት ከመሪ አንስተው ጎማ ቆጣሪ ማድረጋቸው ሕገ ወጥ ነው።"

ግልባጭ ለዋናው መሥሪያ ቤት። ግልባጭ ለሠራተኛ ማኅበሩ። ግልባጭ ለተቆጣጣሪው ክፍል። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ይህን ያስተማረኝ ፌዴሬሽኑ ነው። በአደራ ፖስታ ልኬ ደረሰኙን ያዝኩ።

ለጋሼ አልነገርኩትም። ሲፈታለት ይሰማል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

መጣ። ደስ አለኝ፣ ግን አላሳየሁትም። ደብዳቤውን ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ድምፁን ክፈተው" አለኝ።

"የጡሩምባውን?"

"እህ፣ ክፈተው በቃ።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለታችንም የጠላነውን ድምፅ! ከፈትኩለት። ውድድሩን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጡሩምባው ማን ማንን እንደቀደመ መናገር ሲያቅተው ጋሼ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ "አሁን የኛ የት ነው?" ይለኛል። ቴሌቪዥኑ ፊቱ ተገትሮለት! "አታይም እንዴ?" አልኩት። "ካንተ ልስማው ብዬ ነው" አለ። እግሩ ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ረገጠ። ሰው ከሥራው ሲለያዩት እንዲህ ይሆናል፤ ይህንን ሁሉ የስምሪት ኃላፊው ይከፍላታል።

ሽማግሌው ሰባተኛ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሽማግሌው ከዚህ ዘመን በኋላ አልነዳም አለ። መግለጫው ላይ ከጎኑ ማን ቆሞ ነበር? የሚተካው የሃያ ዓመት ልጅ! ብርቱካናማውን ልብስ ለብሶ! ሰውየው ገና ስንብቱን ሳይጨርስ ልብሱን አለበሱት። ሐፍረት የሚባል ነገር የላቸውም። ሥራ ላይ ሆኜ በስልኬ ነው ያየሁት፤ በዚያ ንዴት የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ስህተት አሳለፍኩ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው ማለት እችላለሁ።

የመጨረሻው ውድድር ነሐሴ 25 ነው። እኔና ጋሼ የዚያን ቀን የመግቢያ ወረቀት ከገና በፊት ቆርጠናል፤ ስምንተኛው ኩርባ ፊት ለፊት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውድድር በአካል ስናይ የመጀመሪያችን ይሆናል። ባቡሩ አምስት ሰዓት ይፈጃል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከጋሼ ጋር ተጣላን። ስለ ባቡሩ ስነግረው "ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ" አለኝ።

"እሷ ምን ልታይ?"

"እኔስ ምን ላይ?" አለ። ጨዋታ መሰለኝ፤ ፊቱ ግን የጨዋታ አልነበረም።

ብዙ ተናገርኩ። ለቢጫው መጮሁን፣ ሶፋውን መልቀቁን፣ መንገድ ላይ አይቶ ማለፉን፣ ሁሉንም ከዚህ ደብተር በቃሌ ዘረዘርኩለት። "ሽማግሌው ሊሰናበት ሲል ትከዳዋለህ" አልኩት። ጋሼ ተነስቶ ጫማውን ፈለገ። ጫማው እግሩ ሥር ነው፤ እሱ በእጁ ወለሉን እየዳበሰ ይፈልጋል። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አቀበለችው። ወጥቶ ሄደ።

"ጠይቀኸዋል?" አለችኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ረታሁ!!!

ከአውቶቡስ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። ማኅተም አለው። "የቅርንጫፉ የስምሪት ኃላፊ ሠራተኛውን ያለ ጽሑፍና ያለ ማስረጃ ከመደበኛ ሥራቸው ማንሳታቸው ከመመሪያ ውጭ መሆኑን አረጋግጠናል፤ ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።" ከመመሪያ ውጭ! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ልክ ነህ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለኮምፒውተር ጸሐፊዋ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አጨበጨበችልኝ።

ሁለተኛው አንቀጽ ጋሼ የሕክምና ቦርድ ፊት እንዲቀርብ፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ከሥራ ገበታው ርቆ እንዲቆይ ይላል። ይህ ለወጉ ነው። አምስት ደቂቃ ያዩታል፣ መሪውን ይመልሱለታል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

እትዬ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣች። የጋሼ ሚስት፣ እኔን ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ ሴት። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ወደ ወረቀት ክፍሉ አስገባኋት። አልተቀመጠችም።

"አንተ ነህ የጻፍከው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ኮርቼ። ይህንንም ልጻፈው፣ ኮርቼ ነው ያልኩት።

"አያይም" አለችኝ። "ወንድምህ አያይም። ከጥር ጀምሮ። የዓይኑ መሀል ደርቋል፣ ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው።"

የወረቀት ቁልሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አንድ ቀን ማታ ሰው ሊገጭ ለጥቂት ተረፈ። በማግሥቱ ራሱ ሄዶ ለስምሪት ኃላፊው ነገረው። ሰውየው አለቀሰ፣ ታውቃለህ? 'ወረቀት ከተጻፈ ያስወጡሃል፤ ዝም ብለህ ጎማው ጋ ግባ፣ ሁለት ዓመቷን ግፋ' አለው። አንድም ጽሑፍ ያላደረገው ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ግልባጭ አደረግህ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። ያን ጊዜም እኮ የተቆጣሁት እኔ ነኝ!

"እኔ ልንገረው አልኩ" አለች። "'ተይ፣ ለአንዱ ደብዳቤ ይጽፋል' አለኝ።"

እሑድ፣ ሰኔ 22

ውድድር ነበር። አላየሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፏል። ቢጫው፣ ወንበሩ፣ ሻዩ፣ ፋርማሲው፣ ጫማው። ፊቴን ትቶ ጆሮዬን እንደሚያይ እንኳ ጽፌአለሁ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ረቂቅ ላይ ያለቦታዋ የገባች ነጥብ የምለቅም ሰው። ዳኞቹን ዕውር ብዬ ስጮህ እኮ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር!

ይህ ደብተር የበደለኞች መዝገብ ከሆነ የአንዱ ስም ጎድሎበታል። አሁን ሞላ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫው ሥር ተቀምጧል። ኮቴዬን ሰምቶ "ከሳሹ መጣ" አለ ለእትዬ። ለኔ አልነበረም።

አጠገቡ ቆምኩ። የመጀመሪያውን የሚያፈርስ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስድስት ገጽ፣ ለቦርዱ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ለሁሉም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ መመሪያቸውም ጨካኝ መሆኑን የሚያስረዳ። ላነብለት ጀመርኩ።

"አጥፈው" አለኝ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ መብት—"

"አጥፈው አልኩህ! ለማንም አትጻፍ። ሰለቸኝ! ስለኔ ስትናደድ እኔን ማስታመም ትተህ አንተን ላስታምም?"

አጠፍኩት። የታጠበ ልብስ ላያችን ላይ ይንጠባጠባል።

"እንዴት ነው የሚታይህ?" አልኩት። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው፤ ባለቤቴ ከግንቦት ጀምሮ ጠይቀው ስትለኝ የነበረው።

"ፊትህን ካየሁ ፊትህ ይጠፋል" አለ። "ጆሮህን ካየሁ ትንሽ ይመጣል። ጆሮህ ደግሞ ምኑ ይታያል፣ አስቀያሚ።"

ልስቅ ነበር፤ አልቻልኩም።

"አንድ ደብዳቤ አለብህ" አለኝ ስሄድ። "ለስምሪት ኃላፊው። ያለ ግልባጭ።"

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

አራት መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ይቅርታ ጽፌ አላውቅም። "ሆኖም" በሚል ቃል የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ሰረዝኩ። በእጄ ወስጄ ሰጠሁት። ቁልፉን እያንቃጨለ አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። "ጎማዎቹን በእጁ ዳብሶ የትኛው እንዳለቀ ያውቅ ነበር" አለኝ። "ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ በዓይኑም አያውቅም ነበር።" ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ቦርዱ ወሰነ። ጋሼ በሕክምና ምክንያት ተሰናብቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ላገለገለ የሚሰጡት የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ለሃያ ስምንት ዓመቱ ያንኑ ሰዓት ሰጡት። ለማያይ ሰው ሰዓት! እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ እንዴት ብዬ ነው የማልጽፈው? ጻፍኩና ቀደድኩት። ሁለት ጊዜ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

"ይሄ ጡሩምባ ጆሮዬን አደነቆረው፤ ምንም አይነግረኝም" አለ። "ዝጋውና አንተ ንገረኝ።"

ነገርኩት። ሃያ ሁለት ዙር። መጀመሪያ አላወቅሁበትም፤ "ዳኛው እያየ ዝም አለ፣ ቡድኑ ደግሞ" ስል "ሞተሩ የት ነው ያለው? የት?" ይለኛል። ቀስ በቀስ ገባኝ። ሦስተኛው ኩርባ፣ ከውጭ መጣ፣ ጉልበቱ መሬት ነካ፣ የኋላ ጎማው ትንሽ ተንሸራተተ፣ ያዘው። በስልኩ ውስጥ እግሩ ወለል ሲረግጥ ይሰማኛል። በሰዓቱ ነው የሚረግጠው። በሰዓቴ መለካት ረስቼ የዙር ደብተሬ ባዶ ቀረ።

ሽማግሌው አራተኛ። ሁለታችንም እንደ አንደኛ ተቀበልነው።

"ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ ሊዘጋ ሲል።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

በባቡር ውስጥ፣ ስንመለስ። ጋሼ ተኝቷል። ባቡሩ ስለሚንጥ ጽሕፈቴ ተበላሽቷል።

ስምንተኛው ኩርባ፣ ሦስተኛ ረድፍ። እሱ በግራ እኔ በቀኝ። ሞተሮቹ ከኮረብታው ጀርባ ስለሚመጡ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ቴሌቪዥን ድምፃቸውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ እዚህ እያንዳንዱ የራሱ አለው። በሁለተኛው ዙር ጋሼ "የኛ ወፍራሙ ነው፣ እንደሚያጉረመርም" አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ሳየው ጋሼ በጆሮው ከደረሰበት ቆይቷል። እግሩ ሲሚንቶውን ረገጥ ያደርጋል፣ ሽማግሌው ፍሬን ይይዛል። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ውድድሩን ትተው እግሩን ማየት ጀመሩ።

በአሥራ አራተኛው ዙር ቄንጠኛው ከኮረብታው ጀርባ ሰማያዊውን ገፍቶ ሲያልፍ በትልቁ ስክሪን ታየ፤ እኔ ተነስቼ ኩርባው ላይ የቆመው ባንዲራ ያዥ ላይ እጮሃለሁ። ጋሼ ክንዴን ጎተተኝ።

"ዝም በል። የኛ የለም።"

አየሁ። ቢጫው አለፈ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ሌሎቹም። ብርቱካናማው የለም። ጋሼ ይህን ያለኝ የመጀመሪያው ሞተር እንኳ ከኮረብታው ጀርባ ሳይወጣ ነበር።

"ሞተሩ ሞተበት" አልኩ፤ ስክሪኑ ላይ ታየ። "አየህ? አሮጌውን ነው የሰጡት! አዲሱን ለዚያ ልጅ አስቀምጠው በመጨረሻ ቀኑ—"

"ልጁን ተወው። ቡድኑንም ተወው። የሚታይህን ንገረኝ።"

ነገርኩት። ሽማግሌው ከአጥሩ በዚህ በኩል ባለችው ጠባብ መንገድ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ሄልሜቱን አውልቋል። ፀጉሩ ረጥቧል፤ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ባንዲራ ያዡ ሊያግዘው መጣ፣ በእጁ አይሆንም አለው። ትንሽ ሄደ። ዳገቷ ላይ ቆመ። ተመልሶ ሰውየውን ጠራው። አሁን ሁለቱ አብረው እየገፉ ነው። እኛ ፊት ደረሱ። ቆመ። ታንኩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው። ቀና ብሎ ወደኛ አየ።

"ተናዷል?" አለ ጋሼ።

ፊቱን ፈለግሁ። ንዴት ነው የፈለግሁት፣ አልዋሽም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተናደድኩለት ሰው በአሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል።

"አልተናደደም" አልኩ። "እየሳቀ ነው። ባንዲራ ያዡ አንድ ነገር ብሎት እየሳቀ ነው።"

"እንግዲህ እሱ ካልተናደደ አንተ ምን ቤት ነህ?" አለኝ ጋሼ። ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ትንሽ ወደ ቀኝ ስቶ፣ ወደ ባዶው መንገድ ነው የሚያጨበጭበው። ሽማግሌው ግን አየውና እጁን አነሳለት።

"እጁን አነሳልህ" አልኩት።

"ለኔ?"

"ላንተ።"

ውድድሩን ማን እንዳሸነፈ ሳንሰማ ወጣን። ደረጃው ቁልቁል ነው፣ ሰዉ ይጋፋል። ጋሼ ሃያ ስምንት ዓመት የማንንም እጅ ይዞ አያውቅም፤ ጠዋት ስንገባ እንኳ ክንዴን ስሰጠው ገፍቶኝ ነበር። አሁን ከኋላዬ ሆኖ ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አለኝ።

ቀስ ብዬ ነዳሁ።